እቤት ውስጥ ሁላችንም አድሚን መሆን ያቆምን ጊዜ

የእኛ ኮምፒውተር ሳሎን ውስጥ፣ ቴሌቪዥኑ አጠገብ ነው ያለው። ያገለገለ ዴስክቶፕ ነው። ራሙ 4 ጊጋ፣ ዊንዶውሱ 10። የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ስንገባ አብሮን ገባ። ታላቅ እህቴ የሂሳብ ሥራዋን ትሠራበታለች። ታናሽ ወንድማችን ፓይተን የሚባለውን የፕሮግራም መጻፊያ ቋንቋ ይማርበታል፤ ጌምም ይጫወትበታል፣ እሱን መደበቅ አይቻልም። አባታችን ጡረታ ከወጡ ወዲህ የዩቲዩብ ደንበኛ ሆነዋል። እኔ ጽሑፍ እጽፍበታለሁ። ሁላችንም የምንገባው ደግሞ በአንድ አካውንት ነበር፤ እሱም አድሚን፣ ኮምፒውተሩ ላይ ሁሉን መቀየር የሚችለው።

ይሄ የእኛ ቤት ጉድ ብቻ አይደለም። ዊንዶውስ ሲጫን መጀመሪያ የሚከፈተው አካውንት አድሚን ነው። ኮምፒውተሩን ፎርማት አስደርጎ የሚመለስ ሰው የሚረከበው ይህንኑ ነው፤ አንድ አካውንት፣ ፓስወርድ የሌለው፣ ሁሉን የሚችል። ከዚያ ከፎቶ ኮፒ ቤት የመጣ ፍላሽ ይሰካል። ፎልደሮቹ የሉም፤ በቦታቸው ቫይረስ የሠራው ሾርትከት ተደርድሯል። አንዱ ይከፍተዋል። የተከፈተ ነገር የከፈተውን ሰው ሥልጣን ይዞ ነው የሚሠራው። ሰውየው አድሚን ከሆነ በቫይረሱና በመላው ኮምፒውተር መካከል የቀረችው ዊንዶውስ «ልፍቀድለት?» ብሎ ሲጠይቅ የምትጫነው አንዲት «ዬስ» ናት። እሷም እኛ ቤት ሳትነበብ ነው የምትጫነው። ትንሽ ቆይቶ ኮምፒውተሩ ይንቀራፈፋል። መድኃኒቱ የታወቀ ነው፤ ፎርማት።

ይሄ ሲሰለቸኝ ሁላችንንም ወደ ተራ ተጠቃሚ አወረድኩ። ዊንዶውስ «ስታንዳርድ» የሚለው ማለት ነው። ቅደም ተከተሉ ወሳኝ ነው። መጀመሪያ አዲስ አካውንት ከፍቼ አድሚን አደረግኩት፤ ጠንካራ ፓስወርድ ሰጠሁት። ወጥቼ በእሱ ገባሁና መሥራቱን አረጋገጥኩ። ከዚያ በኋላ ነው የድሮውን አካውንት ወደ ስታንዳርድ የቀየርኩት። ፋይሎቹ እዚያው ስለነበሩ ምንም መገልበጥ አላስፈለገም። ለቀሩት ሰዎች ለየብቻ አካውንት ከፈትኩ። የአድሚኑን ፓስወርድ እኔና እህቴ ብቻ እናውቀዋለን።

ወንድሜ ወዲያው «አንተስ?» አለኝ። እኔም። እዚህ ላይ ነው ብዙ ቤት የሚበላሸው። ተራ አካውንት ለልጆች የሚሰጥ ቅጣት ተደርጎ ይታያል፤ ትልልቆቹ በአድሚን ይቀጥላሉ። ፍላሹን ከውጭ የሚያመጡት ግን ትልልቆቹ ናቸው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። ሰው ሁሉ የሚፈራው «ፕሮግራም መጫን ላንችል ነው» ብሎ ነው። እውነቱ እንደዚያ አይደለም። ተራ ተጠቃሚ የማይነካው በዋናነት ፕሮግራም ፋይልስን (ለሁሉም የሚሆኑ ፕሮግራሞች የሚጫኑበትን ፎልደር)፣ የዊንዶውስን ፎልደርና የጋራ ሴቲንጎችን ነው። የራሱ ፎልደር ውስጥ ግን ጌታ ነው። አፕዳታ የሚባል የተደበቀ ፎልደርም አለው። ብዙ የዛሬ ፕሮግራሞች እዚያ ይገባሉ። ቴሌግራም ማንንም ሳያስፈቅድ ይጫናል። ኮድ የሚጻፍበት ቪኤስ ኮድ ለአንድ ተጠቃሚ ብቻ የሚሆን ሴትአፕ አለው። ፓይተንም ሲጫን «ለሁሉም ተጠቃሚ» የሚለውን ምልክት ካነሳህለት አድሚን አይጠይቅም። ወንድሜ ለትምህርቱ የሚያስፈልገውን በሙሉ የጫነው እኔን ሳይጠራ ነው።

ነገር ግን ይሄ መንገድ ወጪ አለው። ሁሉም ለየራሱ ሲጭን ሁሉም ለየራሱ ዳውንሎድ ያደርጋል። በፓኬጅ ለምንኖር ሰዎች ይሄ ቀልድ አይደለም። ስለዚህ ክሮምን፣ ቪዲዮ ማጫወቻውን ቪኤልሲን፣ የታመቀ ፋይል የሚፈታውን ሰቨን ዚፕንና የቢሮ ፕሮግራሙን እኔ በአድሚን አንድ ጊዜ ለሁሉም ጫንኳቸው። አንድ ሰው ብቻ የሚፈልገውን እሱው ለራሱ ይጭናል።

ያስቸገረን የእህቴ የሂሳብ ሶፍትዌር ነው። የድሮ ነው። በዊንዶውስ ኤክስፒ ዘመን ሁሉም ሰው ማለት ይቻላል አድሚን ነበር፤ ፕሮግራም የሚጽፉትም ይህንን ታሳቢ አድርገው ዳታውን ፕሮግራሙ የተጫነበት ቦታ ላይ ያስቀምጡ ነበር። በ2007 (እ.ኤ.አ.) ቀጣዩ ቪስታ ሲመጣ ዊንዶውስ ፈቃድ መጠየቅ ጀመረ፤ የድሮዎቹ ግን በድሮው ጠባያቸው ቀሩ።

እህቴ በራሷ አካውንት ደረሰኞቿን አስገባች። ሶፍትዌሩ ምንም አላጉረመረመም፤ ሴቭ አለ። በማግስቱ የወንድሜ አካውንት ክፍት ነበርና እዚያው ከፈተችው። የትናንቱ ሥራ የለም። «ጠፋ! ሰረዘብኝ!» ወንድሜ ምንም አልነካም። በእኔ አካውንት ስንከፍተው ደግሞ የእሷ ደረሰኞች የሌሉበት ሌላ መልክ አሳየን።

ነገሩ እንዲህ ነው። የቆየ 32 ቢት ፕሮግራም ፕሮግራም ፋይልስ ውስጥ ልጻፍ ሲል ዊንዶውስ እምቢ አይለውም። «እሺ» ይለውና ፋይሉን በስውር ወደ ተጠቃሚው አፕዳታ፣ ቨርቹዋልስቶር የሚባል ፎልደር ውስጥ ያዞርበታል። ፕሮግራሙ ዋናው ቦታ ላይ የጻፈ ይመስለዋል። ስለዚህ እያንዳንዱ ሰው የየራሱ ቅጂ ይኖረዋል፤ አንዱ የሌላውን አያይም። የእህቴ ሥራ በሙሉ እዚያ ተቀምጦ አገኘነው። አንድም ደረሰኝ አልጎደለም። ሀሳቡ ፕሮግራሙ እንዳይሰበር ነው፤ አንድ ዳታ ለሚጋሩ ሰዎች ግን መከራ ነው።

በዚህ ጊዜ ቀላሉ ነገር እሷን መልሶ አድሚን ማድረግ ነበር። እሷም ጠይቃኛለች፤ «ሥራዬ እኮ ነው» ብላ። እኔ የጠየቅኩት ግን ሌላ ነው፤ ይሄ ሶፍትዌር በትክክል የሚፈልገው ምንድን ነው? የሚፈልገው አንድ ፎልደር ነው። ሲ ድራይቭ ላይ አዲስ ፎልደር ከፈትኩ። የቅርብ ጊዜውን ዳታ ወደዚያ ገለበጥኩና በሶፍትዌሩ ሴቲንግ የዳታ ቦታውን ቀየርኩ። ከዚያ በአድሚን ገብቼ ፎልደሩን ራይት ክሊክ፣ ፕሮፐርቲስ፣ ሴኩሪቲ። «ዩዘርስ» ለሚለው ቡድን «ሞዲፋይ» ፈቀድኩ። «ፉል ኮንትሮል» አላስፈለገም፤ እሱ የፈቃዱን ሕግ ራሱን መቀየር ያስችላል። አለቀ። ከማንኛችን አካውንት ብትከፍተው ያው ዳታ ነው።

ብዙ ሰው እዚህ ጋ የፕሮግራሙን ፎልደር በሙሉ ይከፍተዋል። ጥሩ አይደለም። ዋናውን የፕሮግራም ፋይል ማንም መቀየር ከቻለ ቫይረስም ይቀይረዋል። አንድ ቀን አድሚን ሆነህ ስትከፍተው ቫይረሱንም አድሚን አደረግከው ማለት ነው። የሚከፈተው የዳታው ቦታ ብቻ ይሁን።

«በትክክል የሚፈልገው ምንድን ነው?» የምትለውን ጥያቄ ከያዝኩ በኋላ ሌላው ቀለለኝ። ወንድሜ አንድ ትንሽ ፕሮግራም አምጥቶ «ፓስወርድ ይላል፣ ናልኝ» አለ። ፋይሉን ሳየው ስሙ ሴትአፕ የሚል ነው። ዊንዶውስ የቆዩ ፋይሎችን በስማቸው ጭምር ይገምታል፤ «ሴትአፕ» ወይም «ኢንስቶል» የሚል ካየ ሊጫን ነው ብሎ አድሚን ይጠይቃል። ስሙን ቀየርነው፤ ያለ ፓስወርድ ተከፈተ። መጫንም አያስፈልገውም ነበር። በሌላ ቀን ያመጣው ግን አክቲቬተር ነው፣ ያልተከፈለበትን ፕሮግራም እንደተከፈለበት የሚያስመስል፤ አንቲቫይረሱን አጥፋ፣ በአድሚን ክፈት የሚል። እሱን እምቢ አልኩ። በሩን ክፈት፣ ውሻውን እሰር የሚል እንግዳ ምን ሊሠራ እንደመጣ ግልጽ ነው።

ተራ አካውንት ሁሉን ይከላከላል ብዬ አልዋሽም። አንድ ጊዜ የወንድሜ አካውንት ተበክሎ ማስታወቂያ ብቻ ይከፍት ጀመር። የሰውየው የሆነ ነገር ሁሉ ለቫይረሱም ክፍት ነው፤ ፎቶውም፣ አሳይመንቱም። ልዩነቱ እዚያው መቅረቱ ነው። በአድሚን ገብቼ ሰነዶቹን ብቻ አወጣሁ፣ በአንቲቫይረስ ፈተሽኳቸው፣ አካውንቱን ሰርዤ አዲስ ከፈትኩለት። የእህቴ ዳታ፣ የአባታችን ዩቲዩብ፣ የእኔ ጽሑፍ፣ ምንም አልሆኑም። ፎርማት የሚባል ነገር አልተነሳም።

ያላሰብኩት ችግር ከመብራት መጣ። እኛ ጋ መብራት ሲጠፋ አንዳንዴ ይቆያል። የማዘርቦርዱ ትንሽ ባትሪ ደክማ ስለነበር ኮምፒውተሩ ሲበራ ቀኑ ዓመታት ወደ ኋላ ይመለሳል። ቀኑ ከተሳሳተ ብራውዘሩ ድረ ገጾችን «አስተማማኝ አይደለም» እያለ ይዘጋል። ተራ ተጠቃሚ ታይም ዞን መቀየር ይችላል፤ ቀንና ሰዓት ግን አይችልም። እኔ ሥራ ላይ ሆኜ አባታችን ይደውላሉ፤ «ልጄ፣ ኢንተርኔቱ ተቋርጧል መሰለኝ።» ባትሪዋ 2032 የምትባለው ክብ ባለ 3 ቮልት ናት። ቀየርኳት፣ ስልኩም አቆመ።

ሌላ ትንሽ ነገር። አካውንት ሲለይ ሰው «ስዊች» ብሎ ሌላው ይገባል፤ የመጀመሪያው ሰው ክሮም ግን ከኋላ ክፍት ነው። በ4 ጊጋ ራም ይሄ አይቻልም። ጨርሰህ ስትነሳ «ሳይን አውት» ማለት አለብህ። ይህንን ማስለመድ ከቴክኒኩ ሁሉ በላይ ጊዜ ወሰደ። አባታችን አሁንም ስክሪኑን ብቻ ነው የሚያጠፉት።

ለእኔ የቀረው ሥራ አፕዴት ነው። ለሁሉም ከጫንኳቸው ውስጥ ክሮም ራሱን ያድሳል። ቪኤልሲና ሰቨን ዚፕ ግን የአድሚን እጅ ይጠብቃሉ፤ ፓኬጅ ሲኖር ገብቼ አድሳቸዋለሁ። ዊንዶውስ 10 ራሱ መደበኛ ድጋፉ ኦክቶበር 14 ቀን 2025 (እ.ኤ.አ.) አብቅቷል፤ የእኛ ፕሮሰሰር ደግሞ ለዊንዶውስ 11 አይበቃም። የተራዘመው የደህንነት አፕዴት ላይ የተመዘገብኩት በአድሚኑ አካውንት ገብቼ ነው። እሱም ሲያበቃ በዊንዶውስ ፋንታ ሊኑክስ እናድርገው እያልኩ ነው። አባታችን ዩቲዩቡ እስከተከፈተ ድረስ ግድ የላቸውም። ወንድሜ እንዲያውም ቸኩሏል። የእህቴ የሂሳብ ሶፍትዌር ግን ዊንዶውስ ብቻ ላይ ነው የሚሠራው፤ ክርክሩ እዚያ ላይ ቆሟል።