ካርዷ ላይ የሰፈሩት ሦስት ምርመራዎች

በተመላላሽ ክፍል ልየታ (ታካሚዎችን ተቀብሎ እንደ ሕመማቸው መለየት) የምንሠራ ነርሶች የታካሚውን ካርድ ከሐኪሙ ቀድመን እናየዋለን። ያን ቀን የገቡት እናት ከሃምሳ አምስት ዓመት በላይ ናቸው። «ጨጓራዬ ነው፣ መድኃኒቱ አልቆብኝ ነው» አሉ። ግፊታቸውን ለክቼ ካርዳቸውን ገለጥኩ። በተለያየ ጊዜ የተለያዩ ሐኪሞች አይተዋቸዋል፤ አንዱ ገጽ ላይ ጨጓራ፣ ሌላው ላይ የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን፣ የመጨረሻው ላይ የአንጀት መቆጣት ተጽፏል። እያንዳንዱ ለብቻው ሲታይ ያስኬዳል። አከታትዬ ሳነባቸው ግን ልቤ አልረጋም።

«እናቴ፣ ሆድዎ የሚነፋው መቼ መቼ ነው?»

«አሁንማ የማይነፋበት ቀን የለም፣ ልጄ። ዱሮ እንዲህ አልነበርኩም።»

«ምግብስ?»

«ሁለት ሦስቴ ስጎርስ ጥግብ እላለሁ። ሰው ከስተሻል ይለኛል፣ ቀሚሴ ግን ወገቤ ላይ አልዘጋ ብሏል።»

ያስደነገጠኝ ይኼ የመጨረሻው ነው። ሰውነት እየከሳ ሆድ ሲያድግ ውስጡ ፈሳሽ እየተጠራቀመ ሊሆን ይችላል።

የእንቁልጢ (የሴት እንቁላል የሚመነጭበት አካል) ካንሰር ምልክት የለውም ሲባል እበሳጫለሁ። ምልክት አለው፤ የሌላ በሽታ ልብስ ለብሶ ስለሚመጣ ነው የሚያልፈን። የሆድ መነፋት፣ የሆድ ወይም የዳሌ አካባቢ ሕመም፣ ቶሎ መጥገብ፣ ሽንት ቶሎ ቶሎ መምጣት። ሆዱን ነፍቶት የማያውቅ ማን አለ? ልዩነቱ ያለው በአዲስነቱና በድግግሞሹ ነው። እ.ኤ.አ. በ2007 የታተመ አንድ መመዘኛ እንደሚለው፣ ከጀመረ ዓመት ያልሞላውና በወር ከ12 ቀን በላይ የሚመላለስ ከሆነ መመርመር አለበት። ደግሞም የአንጀት መቆጣት ከሃምሳ ዓመት በኋላ እንደ አዲስ ሲጀምር ብዙም አይታይም።

ራሴ ይዣቸው ሐኪሙ ዘንድ ገባሁና ሦስቱን ገጾች ጠረጴዛው ላይ ዘርግቼ የነገሩኝን ደገምኩለት። ሆዳቸውን ዳስሶ አልትራሳውንድ አዘዘ። እሳቸው ግን «የማህፀን ምርመራማ ተደርጎልኝ ነፃ ነሽ ተብያለሁ» አሉ። ከብዙ ሴቶች አፍ የምሰማው ነገር ነው። ሐኪሙ ቀስ ብሎ አስረዳቸው፦ ያ ምርመራ የሚያየው የማህፀን በርን ነው፤ እንቁልጢ ያለው ከዚያ በላይ፣ ከማህፀን ግራና ቀኝ ስለሆነ አይደርስበትም።

አልትራሳውንዱ በግራው እንቁልጢ ላይ እብጠት፣ ሆዳቸው ውስጥም ፈሳሽ አሳየ። ሲኤ 125 የሚባለው የደም ምርመራ የጤናማ ወሰን ከሆነው 35 እጅግ ከፍ ብሎ መጣ። ይህ ቁጥር ብቻውን ፍርድ አይሰጥም፤ በማዮማም (ካንሰር ባልሆነ የማህፀን እብጠት) በወር አበባም ሊጨምር ይችላል፣ ካንሰሩ ገና ጀማሪ ሲሆን ደግሞ ብዙ ጊዜ ጤናማ ሆኖ ይገኛል። ስለዚህ ውጤቱ ጥሩ ነው ተብሎ የማይለቅ ምልክት አይተውም።

በሽታው በቀዶ ሕክምና ተረጋገጠ፤ ሆድ ዕቃ ውስጥ ተሠራጭቶ ነበር። ኬሞቴራፒውን ጨርሰው ክትትል ላይ ናቸው። እኛም ልየታ ላይ ስለ ሆድ የሚናገሩ ሴቶችን «ከመቼ ጀምሮ? በወር ስንት ቀን?» ሳንል አናሳልፍም።

የቤተሰብ ታሪክ ሲጠየቁ የእናታቸው እህት በጡት ካንሰር መሞታቸው ተነሣ። ብርካ 1 እና ብርካ 2 በሚባሉ ጂኖች ላይ የሚወረስ ለውጥ ካለ ለሁለቱም ካንሰሮች ስለሚያጋልጥ፣ ሐኪሙ ስለ ጂን ምርመራው ከእሳቸውም ከልጆቻቸውም ጋር ተነጋገረ። ታላቋ ልጃቸው ቀጠሮ ይዛለች።