ግራንት፣ ሊዝ ወይስ ብድር? በጣና ዳር ለሚያድጉ ማኅበራዊ ኢንተርፕራይዞች

ባሕር ዳር ውስጥ ማኅበራዊ ኢንተርፕራይዝ (እየነገደ የማኅበረሰብ ችግር የሚፈታ ድርጅት) የሚመሩ ሰዎች ሲገናኙ ቀድሞ የሚነሳው ጥያቄ «ማን ይሰጣል?» የሚለው ነው። መቅደም ያለበት ግን «ገንዘቡ ምን ሊሠራበት ነው?» የሚለው ነው። ለሙከራ፣ ለማሽን መግዣና ለጥሬ ዕቃ የሚሆነው ገንዘብ የየራሱ በር አለው። በግራንት (በማይመለስ ድጋፍ) ጥሬ ዕቃ የገዛ ድርጅት ግራንቱ ሲያልቅ ይቆማል፤ በአጭር ጊዜ ብድር ማሽን የገዛም ማሽኑ ሥራ ሳይጀምር የመክፈያው ቀን ይደርስበታል።

መጀመሪያ የምዝገባውን ነገር እንጨርስ። በአገራችን ሕግ «ማኅበራዊ ኢንተርፕራይዝ» ተብሎ ለብቻው የሚመዘገብ የድርጅት ዓይነት የለም። ያለው ምርጫ በንግድ ሕጉ (አዋጅ ቁጥር 1243/2013) ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር መሆን፣ በአዋጅ ቁጥር 985/2009 ኅብረት ሥራ ማኅበር መሆን፣ ወይም በአዋጅ ቁጥር 1113/2011 የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅት መሆን ነው። የመረጣችሁት ስም የሚከፈትላችሁን በር ይወስነዋል። ባለሀብት ድርሻ ገዝቶ የሚገባው በግል ማኅበሩ ነው፤ ኅብረት ሥራ ላይ አንድ አባል አንድ ድምፅ ስለሆነ ብዙ ገንዘብ ያስገባ ሰው ብዙ ሥልጣን አያገኝም። የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅት ግራንት ለማግኘት ይቀለዋል፤ ገቢ ማስገኛ ሥራም መሥራት ይችላል። ነገር ግን ትርፉን ለአባላቱ ማከፋፈል አይችልም፣ የአስተዳደር ወጪውም ከ20 በመቶ መብለጥ የለበትም። ማደግ ለሚፈልግ የእኛ ምክር የግል ማኅበር ነው። ብቻውን የሚሠራ ሰውም አዲሱ የንግድ ሕግ በፈቀደው መሠረት ባለአንድ አባል ሆኖ መመዝገብ ይችላል። ማኅበራዊ ዓላማችሁንና ከትርፉ ምን ያህሉ ወደ ሥራው እንደሚመለስ መመሥረቻ ጽሑፉ ላይ አስፍሩት። ገንዘብ ሰጪዎች ይህንን ገጽ ነው ገልጠው የሚያዩት።

አሁን ወደ ሂሳቡ። በጣና ዙሪያ በብዛት ከሚቀርቡት ሐሳቦች አንዱ የሐይቁን አረም እምቦጭን ወደ ከሰል መቀየር ነው፤ በብዛት ውድቅ የሚሆነውም እሱው ነው። ምክንያቱ ሐሳቡ ክፉ ሆኖ ሳይሆን ሚዛን ላይ ስላልወጣ ነው። እርጥብ እምቦጭ ከመቶ ዘጠና አምስት ያህሉ ውኃ ነው። አንድ ኩንታል እርጥብ እምቦጭ ሲደርቅ ከአምስት እስከ ስድስት ኪሎ ይቀራል። ያው ደረቁ ሲከስል ደግሞ ወደ ሲሶ ገደማ ይወርዳል፤ እጃችሁ ላይ የሚገባው ሁለት ኪሎ እንኳ የማይሞላ የከሰል ዱቄት ነው። ስለዚህ አንድ ኩንታል ዱቄት ለማግኘት ከሃምሳ እስከ ስድሳ አምስት ኩንታል እርጥብ እምቦጭ ያስፈልጋል። ይህን ሁሉ ከፎገራ ወይም ከደንቢያ ዳርቻ በአይሱዙ እየጫነ ባሕር ዳር የሚያመጣ ዕቅድ ውኃ በክፍያ እያመላለሰ ነው። ማድረቂያውም ማክሰያውም ሐይቁ ዳር መሆን አለበት። በሐምሌና በነሐሴ ፀሐይ ስለሌለ ደረቁን ከበጋው ማከማቸት ግድ ነው፤ ለመጋዘኑም በጀት መያዝ አለበት። እምቦጭ አመዱ ብዙ ነው፤ ከሩዝ ገለባ ወይም ከሌላ ተረፈ ምርት ጋር ካልተደባለቀ የሚሸጠው ከሰል ቶሎ ይጠፋል፣ ምድጃውንም አመድ ይሞላዋል። ይህንን ሁሉ ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ቤተ ሙከራ አስለክታችሁ የእርጥበት፣ የአመድና የሙቀት መጠኑን በወረቀት ከያዛችሁ ገምጋሚው ፊት ሌላ ሰው ሆናችሁ ትቀርባላችሁ።

ለዚህ ዓይነቱ ሙከራ ነው ግራንት የሚሆነው። ሶሻል ኢንተርፕራይዝ ኢትዮጵያና ሪች ፎር ቼንጅ ኢትዮጵያ በማኅበራዊ ሥራ ፈጣሪዎች ላይ ስለሚሠሩ ጥሪያቸውን መከታተል ይጠቅማል። የኢንተርፕረነርሺፕ ልማት ኢንስቲትዩት የስድስት ቀን ሥልጠና ይሰጣል፤ ገንዘብ አይደለም፣ ግን ምስክር ወረቀቱ ለሌላ ማመልከቻ ይጠቅማል። ከአገር ውጭ ካሉት የቶኒ ኤሉሜሉ ፋውንዴሽን ዕድሜያቸው ከአምስት ዓመት ላልበለጠ ሥራዎች የማይመለስ 5,000 ዶላር ይሰጣል። ማመልከቻው በየዓመቱ ከጥር መጀመሪያ እስከ የካቲት መጨረሻ በፈረንጅ አቆጣጠር፣ ማለትም በእኛ ከታኅሣሥ 23 እስከ የካቲት 22 አካባቢ ክፍት ነው። ሦስት ዓመት የሠራና ገቢ ያለው ድርጅት ደግሞ የአፍሪካ ቢዝነስ ጀግኖች ውድድርን ይሞክር፤ 1.5 ሚሊዮን ዶላር ለአሥር የመጨረሻ ተወዳዳሪዎች ያከፋፍላል። ለጀማሪ ግን ጊዜ ማጥፋት ነው። የአሜሪካ የልማት ድርጅት በ2017 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ ስለተዘጋ፣ በቆዩ ዝርዝሮች ላይ ከእሱ ገንዘብ የሚያገኙ ፕሮግራሞችን ስታዩ መኖራቸውን ሳታረጋግጡ አትጻፉ።

በጀት ሲዘጋጅ ደጋግመው የሚረሱ ሁለት መስመሮች አሉ። አንዱ የማሽኑና የዕቃው 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ ነው፤ ፕሮፎርማው (የሻጩ የዋጋ ማቅረቢያ) ላይ ያለው ዋጋ ታክሱን ይጨምር አይጨምር ሳይጠይቁ የሚጽፉ ብዙ ናቸው። ሁለተኛው አሠሪው ለጡረታ የሚከፍለው ከደመወዙ 11 በመቶ ነው። አምስት ሠራተኛ ያለው ድርጅት እነዚህን ሁለቱን ከረሳ የመጨረሻው ወር ደመወዝ የለውም። የውሉን ገንዘብም አስተውሉ። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ለውጥ ሲደረግ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነስቶ በሳምንታት ውስጥ 100 ብርን አለፈ። ስጦታው በብር፣ ማሽኑ በዶላር የነበረ ሰው ግማሽ ማሽን ነው የተረፈው።

ሙከራው አልፎ ማሽን ሲያስፈልግ የኢትዮጵያ ልማት ባንክ የሊዝ ፋይናንስ አለ። ደንበኛው 20 በመቶ ያዋጣል፣ ባንኩ 80 በመቶውን ሸፍኖ ማሽኑን ከአቅራቢው ይገዛል። ጥሬ ገንዘብ እጃችሁ አይገባም፤ ማሽኑም ክፍያው እስኪያልቅ የባንኩ ነው። ጥሩ ነገሩ ማሽኑ ራሱ ዋስትና ስለሚሆን ቤት የሌለው ሰው መግባት መቻሉ ነው። ችግሩ ሌላ ቦታ ነው። የተመደበላችሁ ሼድ (የመሥሪያ ቦታ) ላይ ስሪ ፌዝ፣ ማለትም ለከባድ ማሽን የሚሆን መብራት ከሌለ ማሽኑ ቆሞ ኪራይ ይቆጥራል። ከባንኩ በፊት መብራት ኃይል ሄዳችሁ ትራንስፎርመሩ ጭነቱን ይችል እንደሆነ በጽሑፍ ያዙ። በተጨማሪ ሊዙ ለጥሬ ዕቃ መግዣ አይሰጥም። ዓሣ ለሚፈልጥ ድርጅት ይህ ትልቅ ነገር ነው። አንድ ኩንታል ቀረሶ ዓሣ ሲፈለጥ ሠላሳ አምስት ኪሎ ፊሌቶ (አጥንት የሌለው ሥጋ) እንኳ አይሞላም፤ ፈላጊው ደግሞ በጾም፣ በተለይ በሁዳዴ ይበዛል። ለአጥማጆች በጥሬ ገንዘብ ትከፍላላችሁ፣ ሆቴሉ ግን በወሩ ይከፍላችኋል። በመሃል ያለውን ክፍተት የሚሞላ ገንዘብ ከሁዳዴ ቢያንስ ሁለት ወር ቀድሞ መጠየቅ አለበት።

ለዚህ ክፍተት የቀድሞው አብቁተ (የአማራ ብድርና ቁጠባ ተቋም)፣ የአሁኑ ጸደይ ባንክ አለ፤ የቁጠባና ብድር ማኅበራትም አሉ። የቡድን ዋስትና ትንሽ ብድር ያስገኛል፣ ግን አንዱ ሲያቆም ሁሉም ይያዛል፤ ስለዚህ ቡድኑን በዝምድና ሳይሆን በሥራ ልማድ ምረጡ። የተንቀሳቃሽ ንብረት መያዣ አዋጅ (ቁጥር 1147/2011) ማሽን፣ ከብት፣ ሰብልና ከደንበኛ የሚሰበሰብ ሂሳብ ሳይቀር መያዣ እንዲሆኑ ፈቅዷል። ብድር ሹሙ ከለመደበት ቤት ውጭ ማሰብ ካልፈለገ አዋጁን አትማችሁ ይዛችሁ ሂዱ፤ መከራከሪያ ይሆናል።

ገንዘቡ ከገባ በኋላ ሰው የሚወድቀው በደረሰኝ ነው። ከአጥማጅና ከገበሬ ስትገዙ ደረሰኝ አታገኙም። ከገቢዎች ጽሕፈት ቤት ጠይቃችሁ የግዥ ቫውቸር አሳትሙ፤ ስም፣ ቀበሌ፣ ኪሎ፣ ዋጋ፣ ፊርማ ወይም የጣት አሻራ ይኑርበት። ለግራንቱ የተለየ የባንክ ሂሳብ ክፈቱ፤ ከሽያጭ ገንዘብ ጋር የተቀላቀለ ግራንት ኦዲተር ሊለየው አይችልም። ሰጪው ሪፖርቱን በታኅሣሥ ሊጠይቅ ይችላል፣ የእናንተ ሂሳብ ግን የሚዘጋው ሰኔ 30 ነው። ውሉ ከመፈረሙ በፊት የትኛው ዘመን እንደሚያዝ አስወስኑ፤ ካልሆነ ሁለት ጊዜ ኦዲት ትከፍላላችሁ። ግራንት በዙር እንደሚለቀቅ፣ ሁለተኛው ዙርም የመጀመሪያው ሪፖርት እስኪጸድቅ እንደሚዘገይ አስቡና የሁለት ወር ደመወዝ ከሽያጩ ለይታችሁ አስቀምጡ።

አንድ ነገር ለእኛ አካባቢ ብቻ። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በክልሉ ኢንተርኔት ለወራት ሲቋረጥ እንደታየው፣ በኦንላይን የሚገባ ማመልከቻ መጨረሻው ቀን ላይ መድረስ የለበትም። ሰነዶቹን አስቀድማችሁ በፍላሽ ያዙ፣ አዲስ አበባ ላለ የሚታመን ሰውም የማስገቢያ ኮዱን ስጡ። ገምጋሚው መንገዱ ሲዘጋ መምጣት ስለማይችል በስልክ የተቀረጸ የአምስት ደቂቃ ቪዲዮ ይኑራችሁ፦ ጥሬ ዕቃው ሲገባ፣ ሚዛን ላይ ሲወጣ፣ ሠራተኛው ሲሠራ፣ ምርቱ ሲሸጥ። ቀኑና ቦታው የሚታይ ይሁን። ሙዚቃ አያስፈልገውም።