አግ ላብ፦ የባለቤቴን ምንጅላት ፍለጋ

ልጄ በእኔ በኩል ሰባት ቤት ትቆጥራለች። እናቴ ናት በስልክ ያስጠናቻት። አንድ ስም ከዘለለች «እህ?» ትላትና ከመጀመሪያው ታስጀምራታለች። በአባቷ በኩል ግን ሦስተኛው ላይ ትቆማለች። ባለቤቴ እንግሊዛዊ ነው። የአያቱን ስም ያውቃል፤ ከዚያ በላይ ስጠይቀው ትከሻውን ይሰብቃል። አማቴ ሰማንያን አልፈዋል። እሳቸውን ብጠይቅ «ዊልትሸር የነበሩ ገበሬዎች ናቸው» ብለው ወደ ሻያቸው ተመለሱ። ዊልትሸር ደቡብ እንግሊዝ ያለ አውራጃ ነው።

በዚህ ተጀመረ። ይኸው ሁለት ዓመት አለፈኝ።

መጀመሪያ ያሳሳተኝ «ገበሬ» የሚለው ቃል ነው። እኛ ገበሬ ስንል በሬና ማሳ ይታየናል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ደቡብ እንግሊዝ ግን ነገሩ ሦስት እርከን ነበረው። ላይ ባለርስቱ አለ። መሀል ላይ መሬቱን ከባለርስቱ ተከራይቶ የሚያሳርሰው አለ። ታች ደግሞ ጉልበቱን ብቻ ይዞ በሳምንት ሒሳብ የሚያድር ሰው አለ። የባለቤቴ ምንጅላት የታችኛው ናቸው። ጭሰኛ እንኳ አይደሉም፤ ጭሰኛ ቢያንስ እጁ ላይ ያለ መሬት አለው። በሕዝብ ቆጠራው መዝገብ ላይ ሥራቸው «አግ ላብ» ተብሎ ነው የተጻፈው። የእርሻ ቀን ሠራተኛ ማለት ነው፣ በአጭሩ። በየገጹ ከላይ እስከ ታች አግ ላብ፣ አግ ላብ፣ አግ ላብ ይላል። ጸሐፊው ሙሉውን መጻፍ ቢሰለቸው አልፈርድበትም።

ስማቸውን ለቤተሰቡ ስል ልተወው። ሌላም ጣጣ አለብኝ። ሰውየው መጀመሪያ የቆጠራ መዝገብ ላይ የሚገኙት በ5 ዓመታቸው ነው። የ5 ዓመት ልጅ አንቱ ማለት ደግሞ አልሆነልኝም። ስለዚህ እስኪያረጅ ድረስ «እሱ» እለዋለሁ። (ዓመቶቹም ወሮቹም ቀኖቹም ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

መንገዱ ቀላል ይመስላል። ከሚታወቀው ሰው ተነስቶ አንድ አንድ ደረጃ ወደ ላይ መውጣት ነው። የአማቴ አባት በ1912 ተወለዱ። የልደት ሰርተፊኬታቸው የአባታቸውን ስም ሰጠኝ። እኚያ አባት በ1875 የተወለዱ ናቸው። በ1881 ቆጠራ የ6 ዓመት ልጅ ሆነው፣ ዊልትሸር ውስጥ ካለችው ከቲዝበሪ ብዙ በማይርቅ መንደር፣ አግ ላብ አባታቸው ቤት ተገኙ። አባትየው 45 ዓመቱ። የ1881 ቆጠራ ፋሚሊሰርች የተባለ የዘር ሐረግ ድረ ገጽ ላይ በነፃ ይታያል፤ እስከዚህ ድረስ ብዙም ገንዘብ አላወጣሁም። ሁለት ቅዳሜ ነው የፈጀብኝ። ጉራዬን ብታዩ!

ከዚያ በላይ ነው ጉዱ። በእንግሊዝ የመንግሥት የልደት ምዝገባ የተጀመረው በሐምሌ 1837 ነው። የእኛ ሰው ከዚያ በፊት ነው የተወለደው። ስለዚህ ወደ ቤተ ክርስቲያን መሄድ ግድ ነው፣ ወደ አጥቢያው የክርስትና መዝገብ። ከ1813 ጀምሮ መዝገቡ የታተመ ቅጽ ስላለው የአባትን ሥራና የሚኖርበትን መንደር ይነግራል። ገለጥኩ። በ1836 በዚያ ስም የተጠመቀ ልጅ አገኘሁ። ኢንተርኔት ላይም አንድ ሰው ይህንኑ ልጅ የራሱ የዘር ሐረግ ውስጥ አስገብቶ፣ ሚስቱን፣ ልጆቹን፣ ሁሉን ደርድሮ አየሁ። ደስ አለኝ። ቀዳሁት።

ስምንት ወር የዚያን ልጅ አባት፣ አያት፣ ቅድመ አያት ስከተል ከርሜ እስከ 1720ዎቹ ወጣሁ። አንድ ማታ ሌላ ሰው ስፈልግ የጎረቤት አጥቢያ የቀብር መዝገብ ላይ ዓይኔ አረፈ። ያው ስም፣ ያው መንደር፣ 1839፣ ዕድሜ 3። የሞተ ሕፃን ድሬ፣ ወልጄ፣ አያት አድርጌው ከርሜያለሁ ማለት ነው።

ጥፋቱ የኔ ነው። የ1858 የጋብቻ መዝገቡን ማውጫውን እንጂ ዋናውን ቅጂ አላየሁትም ነበር። ለጥቂት ፓውንድ ሰስቼ። የጋብቻ መዝገብ ከ1837 ወዲህ የሙሽራውንም የሙሽሪትንም አባት ስምና ሥራ ይይዛል። ቅጂውን አዝዤ ሲመጣ የሙሽራው አባት ስም ሌላ ሆነ። በአካባቢው በአንድ ዓመት ልዩነት ሁለት ልጆች አንድ ስም ይዘው ተጠምቀዋል። ከዚያ ወዲህ ማንንም ሰው ወደ ሐረጉ ከማስገባቴ በፊት መጀመሪያ ልገድለው እሞክራለሁ። የቀብር መዝገብ ላይ ካጣሁት ነው የማስገባው።

ስለ ስም ካነሳን፣ እኛ ኃይለ፣ ሀይለ፣ ሐይለ ብለን ስንጽፍ ማንም አይገርመውም። እነሱም ጋ እንደዚያው ነበር። ሰውየው ማንበብ አይችልም፤ ቄሱ ወይም ቆጣሪው የሰማውን ይጽፋል። የዚህ ቤተሰብ ስም በአራት ቆጠራ አራት ዓይነት ነው። በፊደሉ መፈለግ ትቼ በድምፁ መፈለግ ስጀምር የ1861ዱ ቆጠራ ወዲያው ወጣ። የትውልድ ቦታና ዕድሜም እንደዚያው ይዋዥቃል። በ1841ዱ ቆጠራ ከ15 ዓመት በላይ የሆኑትን ዕድሜ ወደ ታች በአምስት አምስት እያጠጋጉ ነው የጻፉት። ይህን ሳላውቅ የልጁን እናት በአራት ዓመት አሳንሻት ነበር።

አሁን ወደሚጥመኝ ልምጣ። ድሃ ሰው ደብዳቤ አይጽፍም፣ ኑዛዜ የለውም፣ መሬት አይሸጥም። ወረቀት ላይ የሚወጣው ሌላ ሰው ከእሱ ጋር ጉዳይ ሲኖረው ነው። ይህ የገባኝ ቺፕንሃም ያለው የዊልትሸርና ስዊንደን የታሪክ ማዕከል ስሄድ ነው። ከምኖርበት ከብሪስቶል በባቡር ቅርብ ነው። እርሳስ ብቻ ይዞ መግባት ይፈቀዳል። ሠራተኛዋን «አግ ላብ ነው የምፈልገው» ስላት ፈገግ አለችና «እንግዲያው የድሆችን ሒሳብ እይ» አለችኝ።

በዚያ ዘመን ድሃን የሚረዳው አጥቢያው ነበር። ግን የራሱን ድሃ ብቻ። ሰው እርዳታ ሲጠይቅ «አንተ የየትኛው አጥቢያ ነህ?» ተብሎ ሁለት ዳኞች ፊት ቀርቦ ቃሉን ይሰጣል። የሌላ አጥቢያ ከሆነ ከነሚስቱ ከነልጆቹ ወደዚያ ይላካል። አንድ ዓመት ሙሉ ተቀጥሮ ያገለገለ ያላገባ ሰው የዚያ አጥቢያ ይሆን ነበር። አንዳንድ ቀጣሪዎች ታዲያ ይህን ዕዳ ላለመሸከም ለ51 ሳምንት ይቀጥራሉ። አንድ ሳምንት ጎደለ፣ ሰውየው የዚያ አጥቢያ አይደለም።

የአማቴን ቅድመ አያት አባት፣ ማለትም የምንጅላቱን አባት፣ ቃል ያገኘሁት እዚያ ነው። በ1829 ክረምት የተሰጠ፣ አራት ቦታ የታጠፈ ወረቀት ነው። እጥፋቱ ላይ ቀለሙ ጠፍቷል፣ ጠርዙ እንደ ደረቀ እንጀራ ይሰነጠቃል። የት እንደተወለደ፣ አባቱ ማን እንደሆነ፣ በ17 ዓመቱ ከሚካኤል እስከ ሚካኤል በ4 ፓውንድና በምግቡ እንደተቀጠረ ይናገራል። (የእነሱ ሚካኤል መስከረም 29 ላይ ይውላል፤ የቅጥር ዓመት በእሱ ይቆጠር ነበር።) «ዓመቱን ጨርሻለሁ፣ ደመወዜንም ተቀብያለሁ» ይላል። ታች ስሙን ሌላ ሰው ጽፎለት፣ እሱ መሀሉ ላይ መስቀል አድርጓል። መስቀሉ ጠማማ ነው፤ አንዱ ክንድ ላይ ቀለሙ ተንጠባጥቧል። ስምንት ወር የፈለግሁት ትውልድ በአንድ ገጽ ተገኘ፤ ያውም በራሱ አንደበት።

ይኸው ሰው በ1830 የ27 ዓመት ጎልማሳ ነበር። በዚያ ዓመት የደቡብ እንግሊዝ ቀን ሠራተኞች የክረምት እንጀራቸውን የነጠቃቸውን የእህል መውቂያ ማሽን መሰባበር ጀመሩ። ኅዳር 25 ቀን ቲዝበሪ አጠገብ፣ ፓይት ሐውስ የሚባል ርስት ላይ፣ ፈረሰኛ ጦር ደርሶባቸው አንድ ሠራተኛ ተገድሏል። እውነቱን ልናገር፣ የእኛን ሰው ከተከሰሱት መሀል ባገኘው ደስ ይለኝ ነበር። ዝርዝሩን ሁለቴ አነበብኩት። የለም። ጀግና ማድረግ አማረኝ እንጂ፣ ምናልባት የዚያን ቀን ሲቆፍር ውሏል።

ልጁም፣ ማለትም ምንጅላቱ፣ ሕይወቱን በሙሉ በሦስት መንደር ውስጥ ነው የጨረሰው። በ1850 እና 51 ጄምስ ኬርድ የተባለ ሰው የእንግሊዝን እርሻ ዞሮ ሲያጠና፣ ሰሜን ላይ የቀን ሠራተኛ ሳምንታዊ ደመወዝ በአማካይ 11 ሺሊንግ ከ6 ፔንስ፣ ደቡብ ላይ 8 ሺሊንግ ከ5 ፔንስ ሆኖ አገኘው። ሰሜን ፋብሪካና ማዕድን ስላለ ገበሬው ሠራተኛ እንዳያመልጠው ይጨምራል። የምንጅላቱ ሁለት ወንድሞች ወደ ዌልስ ድንጋይ ከሰል ሄዱ። እሱ ቀረ። በ1840ዎቹ ለአሥራት ግብር የተሠራው ካርታ ላይ ያደገበት ጎጆ ቁጥር ተሰጥቶታል፣ ግቢው 12 ፐርች ይላል። ሦስት መቶ ካሬ ሜትር ገደማ ነው። የስኮትላንድ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት ድሮ የተሠሩትን ካርታዎች ከዛሬው ጋር ደርቦ ኢንተርኔት ላይ ያሳያል። በእሱ ተመርተን ከአማቴ ጋር ሄድን። መኪና ማቆሚያ ሆኗል። አማቴ ዞር ዞር ብለው አዩና «ቢያንስ በነፃ ነው» አሉ።

ከ1909 ጀምሮ አንቱ እላቸዋለሁ። በዚያ ዓመት ጥር 1 ቀን ከ70 ዓመት በላይ ለሆኑ ድሆች በሳምንት 5 ሺሊንግ የጡረታ አበል መከፈል ተጀመረ። በ1911 ቆጠራ፣ 30 ዓመት ሙሉ «አግ ላብ» የሚል በነበረበት ቦታ ላይ «የእርጅና ጡረተኛ» ተብሏል። የ1911ዱ ቅጽ ደግሞ ቆጣሪ የገለበጠው አይደለም፤ ቤተሰቡ ራሱ የሞላው ወረቀት ነው። ያገቡ ሴቶችም ስንት ልጅ እንደወለዱ ተጠይቀዋል። የእሳቸው ባለቤት አጠገብ «11 የተወለዱ፣ 7 ያሉ፣ 4 የሞቱ» ይላል።

እኔ የማውቃቸው አሥር ነበሩ። ቆጠራዎቹ ውስጥ የለም፣ የክርስትና መዝገቡ ውስጥም የለም። የመንግሥት ምዝገባ መሥሪያ ቤት አዲሱን ማውጫ በእናት የአባት ስም መፈለግ ይቻላል፤ በዚያ ሞከርኩ። በ1863 የተመዘገበች ሴት ልጅ ወጣች፣ ሞቷም እዚያው ሩብ ዓመት ውስጥ። ለክርስትና ሳትደርስ ቀርታ ነው። ከ48 ዓመት በኋላ ቅጽ ሲመጣ እናቷ ቆጥራታለች።

ባለፈው እሑድ ልጄ ለእናቴ በስልክ የአባቷን ወገን ቆጠረችላት። ስድስተኛው ላይ ደህና ደረሰች። ሰባተኛውን ስትጠራ እናቴ አቋረጠቻት። «ይሄንን ብለሽዋል! አምስተኛው ላይ ነበር!» የልጅ ልጁ በአያቱ ስም ተጠርቶ እንደሆነ ለማስረዳት ብሞክርም አልሰማችኝም። «እህ?» አለች፤ ልጄም ከመጀመሪያው ጀመረች።