ከታጠቅ እስከ ጤፍ ማሳ

በ1969 ዓ.ም. መጨረሻ ታጠቅ ጦር ሰፈር ስገባ አሥራ ስምንት ዓመቴ ነበር። የሶማሊያ ጦር ኦጋዴን ውስጥ እየገፋ ነው። አብዛኞቹ ጓዶቼ ከገበሬ ቤት የመጡ ነበሩ። እኔ አሥራ አንደኛ ክፍል ደርሼ ስለነበር ለመገናኛ ሥራ ለዩኝ። ሬዲዮ አሸከሙኝ፣ እርሳስና ደብተር ሰጡኝ። ሬዲዮውን ከዓመት በኋላ አስረከብኩ። ደብተሩ ግን እስከ ዛሬ አልተለየኝም።

አንድ ቀን ልምምድ ላይ የቦታ ቁጥር በሬዲዮ ተነገረኝ። ዝናብ ነበር፤ እጄ ደንዝዟል። በቃሌ ይዤው ቆየሁና ኋላ ጻፍኩት። ሁለት አኃዝ አቀያይሬ ነበር። አሰልጣኛችን አሥር አለቃ አልጮኸብኝም። ሬዲዮውን እንደተሸከምኩ እኔ የጻፍኩት ቁጥር ወደሚያመለክተው ጉብታ ወሰደኝ። የራሴ ጓደኞች እዚያ ተቀምጠው ኮቾሮ ይቆረጥማሉ።

«መድፉ የሚያርፈው እዚህ ነበር» አለኝ። «ስትሰማ ጻፍ። ካልሰማህ ደግሞ አልሰማሁም በል።»

ስለ ጦርነቱ ብዙ ማውራት አልችልም። የካቲት 26 ቀን 1970 ዓ.ም. ጅጅጋ ነፃ ስትወጣ ካራማራ ሥር ነበርኩ። ጉብታው ላይ ከነበሩት ልጆች ብዙዎቹ አልተመለሱም። ስማቸውን ደብተሬ ላይ ጽፌዋለሁ፤ አሁንም አለኝ። የግራ ጆሮዬ ከዚያ ወዲህ አይሰማም። በዚሁ ምክንያት ቦርድ ወጣሁ።

ከዚያ በኋላ ያለው አንድ ዓመት ከግንባሩ ይልቅ ከበደኝ። ሌሊት አልተኛም፣ ቀን ሰው አልጠጋም። ያወጣኝ የማታ ትምህርት ነው። በታናናሾቼ መካከል ተቀምጬ አሥራ ሁለተኛን ጨረስኩና አለማያ እርሻ ኮሌጅ ገባሁ። ሁልጊዜ የምቀመጠው ከፊት፣ በቀኝ ጆሮዬ መምህሩን በሚያሰማኝ በኩል ነው። ያልሰማሁትን አስደግማለሁ። ከጦር ሜዳ የተመለሰ ሰው ቢጠይቀኝ መጀመሪያ የምነግረው ይህን ነው፤ የጎደለህን ነገር አትደብቅ፣ ቦታህን እንደ ጉድለትህ ምረጥ።

በ1977 ዓ.ም. ስመረቅ ደብረ ዘይት እርሻ ምርምር ማዕከል፣ ጤፍ ማሻሻያ ክፍል ተመደብኩ። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ የምወደው ሥራ ነውና።

ጤፍ ራሱን በራሱ የሚያዳቅል ሰብል ነው። አበባው እጅግ ትንሽ ነው። ለብዙ ዘመን በእጅ ሊዳቀል አይችልም ይባል ነበር። መንገዱን በ1960ዎቹ ያገኙት ዶክተር ታረቀ በርሄ ናቸው። አበባው የሚከፈተው ጠዋት፣ ከአሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል እስከ አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ እንደሆነ አስተዋሉ። ስለዚህ ሥራው በጠዋት ነው። ማይክሮስኮፕ ሥር ጎንበስ ብለህ፣ ከአንዲት አበባ ሦስቱን የወንዴ አካላት ሳይፈነዱ በቀጭን ወረንጦ ታወጣለህ። ከዚያ ከሌላው ተክል ብናኝ ታመጣለህ። ትንፋሽህን መያዝ አለብህ። ማልዶ መነሳቱን ታጠቅ አስተምሮኛል፤ ለእጄ ግን ሁለት ዓመት ፈጀብኝ።

በሁለተኛው ዓመት ጥፋት ሠራሁ። አንድ ሳምንት ሙሉ መጀመሪያ አዳቅዬ፣ መለያ ወረቀቱን ረፋድ ላይ በቃሌ እየጻፍኩ አሰርኩ። ልጆቹ ሲበቅሉ ወላጆቻቸውን አልመሰሉም። የትኛው የማን እንደሆነ ማንም ሊያውቅ አይችልም። ጉብታው ትዝ አለኝ። በዚያው ቀን ወደ አለቃዬ ሄጄ «ጋሼ፣ የዚያ ሳምንት ሥራ አይታመንም» አልኳቸው። የወቅቱን ድካም አብረን ጣልነው። ዝም ብል ኖሮ ለስንት ዓመት ሰው በተሳሳተ ዘር ላይ ይደክም ነበር! አንድ ዝርያ ከመዳቀል እስከ ገበሬ እጅ ብዙ ጊዜ አሥር ዓመትና ከዚያ በላይ ይወስዳል።

ቁንጮ የተባለው ጤፍ ለገበሬ የተለቀቀው በ1998 ዓ.ም. ነው። ዱከም የተባለውን ዝርያ ምርታማነት ከማኛ ጤፍ ንጣት ጋር ያገናኘ ነው። የብዙ ሰው ልፋት ነው፤ የእኔ ድርሻ መለካትና መመዝገብ ነበር። ገበሬ ማሳ ላይ ቁንጮ ሲያፈራ ሳይ ግን እንባዬ መጣ። መጋሸቡ እስካሁን ያስቸግራል፤ ረጅም አገዳው ነፋስና ዝናብ ይጥለዋል። እኔ ሳልፈታው ጡረታ ወጣሁ። ይህ ይቆጨኛል።

ጡረታ የወጣሁት በ2011 ዓ.ም. በስድሳ ዓመቴ ነው። የመጀመሪያዎቹን ወራት ሌሊት አሥራ አንድ ሰዓት እየነቃሁ የምሄድበት አጣሁ። አሁን ደብተሮቼን ከወጣት ተመራማሪዎች ጋር ኮምፒውተር ላይ እናሰፍራለን። እኔ አነባለሁ፣ እነሱ ይጽፋሉ። ባለፈው ሳምንት አንዷ አስቆመችኝ።

«ጋሼ፣ ይቺ መስመር ባዶ ናት። ቁጥሩ የት ሄደ?»

መነጽሬን አድርጌ አየሁት። የ1980 ዓ.ም. ነው፤ ከጎኑ «ዝናብ መጣ፣ አልለካሁም» ይላል።

«አልለካሁትም ልጄ» አልኳት። «ባዶውን ተይው፤ ማስታወሻውን ግን ጻፊው።»