ግብር የማይከፈልበት ፎቅ

በአስጎብኚነት ሥራዬ የግብሩን ታሪክ ስድስት ዓመት ሙሉ ተናግሬዋለሁ፤ በጀርመንኛ፣ በእንግሊዝኛ፣ በአማርኛም። በራይን ወንዝ ዳር ወዳለችው የጀርመን ትንሽ ከተማ፣ ባካራህ፣ እንደ ደረስን ቡድኑን ከአንድ ጠባብ መንገድ ላይ አቆምና ጃንጥላዬን ወደ ላይ ቀስሬ እጀምራለሁ። «ሁለተኛው ፎቅ ከምድር ቤቱ አልፎ ወደ መንገዱ ወጣ ብሏል። ሦስተኛው ደግሞ ከሁለተኛው አልፏል። ለምን ይመስላችኋል? በዚያ ዘመን ግብር የሚከፈለው ምድር ቤቱ በያዘው መሬት ልክ ነበር። ሰዎቹ ከታች አጥብበው ከላይ አሰፉት።» ሁልጊዜም ይሳቃል። ግብር የከፈለ ሰው፣ ከየትም አገር ይምጣ፣ እዚህ ላይ ሳይስቅ አያልፍም።

ታሪኩን ያወረሰኝ አንድ ባልደረባዬ ነው። እርሱ ዛሬ ቢሮ ተቀምጦ አዳዲስ አስጎብኚዎች የሚያጠኑትን ጽሑፍ ያዘጋጃል። ባካራህን ከረገጠ ስንት ጊዜው እንደሆነ አልጠይቀውም።

ባለፈው ግንቦት ከፍራንክፈርት ሠላሳ ስምንት ኢትዮጵያውያን ይዤ ወጣሁ። ግማሾቹ ከአገር ቤት ልጆቻቸውን ሊጠይቁ የመጡ እናቶችና አባቶች ናቸው። መርሐ ግብሩ የተለመደው ነው፤ በባካራህ የእግር ጉዞ፣ ምሳ፣ ከዚያ በመርከብ በካውብ በኩል እስከ ዛንክት ጎዋር። የራይን ሸለቆ በዚህ በኩል 65 ኪሎ ሜትር ያህል በፈረንጆች 2002 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ እንደ ገባ በአውቶቡሱ ውስጥ ነግሬ ጨርሻለሁ። «አሮጌው ቤት» በሚባለው ሕንፃ ፊት ቆመን በ1368 እንደ ተሠራ የሚነገርለት መሆኑን ስናገር፣ እንደ ወትሮው አንዲት እናት «በእነርሱ ነው በእኛ?» ብለው ጠየቁ። በእነርሱ ነው፤ በእኛ አገር ዐፄ ሰይፈ አርዕድ ዙፋን ላይ የነበሩበት ዘመን ነው አልኩ። ይህን መልስ አስቀድሜ ስለማዘጋጀው ሁልጊዜ ያኮራኛል።

በዚያው ኩራት ወደ ግብሩ ታሪክ ተሻገርኩ። ተሳቀ። አንድ አባት ብቻ አልሳቁም። ከካፖርታቸው ላይ ጋቢ የደረቡ፣ እስከዚያች ሰዓት አንድ ቃል ያልተነፈሱ የደብረ ብርሃን ሰው ናቸው።

«ልጄ፣ ይህን ማን ነገረህ?»

«ታሪክ ነው፣ አባባ። ተጽፎ ያለ ነው።»

«ማን ጻፈው?»

ባልደረባዬ ጻፈው አይባልም። «የጥንት ሰዎች» አልኩ።

አንገታቸውን ወደ ኋላ ጥለው ሦስቱንም ፎቅ ቀስ ብለው አዩ። «ለመሆኑ» አሉ፣ «ቀራጩ ቀና ብሎ ማየት አይችልም ነበር?»

በእኔ ቀልድ ከተሳቀው እጥፍ ተሳቀ። እኔም አብሬ ሳቅሁ፤ ሌላ ምን ምርጫ አለኝ። በሆዴ ግን አንድ ነገር ጎረበጠኝ። ስድስት ዓመት ስናገረው ያቺ ጥያቄ ለእኔ እንዴት አልመጣችም?

ልጃቸው እጃቸውን ይዛ «አባዬ፣ ይተዉት፣ ሰውየው ሥራውን ይሥራ» አለች። ይሄኔ ነገሩ ያበቃል ብዬ ነበር። ዳሩ ግን ከፊታችን ሃያ እርምጃ ያህል ርቆ የሚታደስ ቤት ነበረ። ልስኑ ተነሥቶ የግድግዳው ሆድ ዕቃ ተገልጧል። እኔ ብዙ ጊዜ ቡድኑን ከዚያ ፈጥኜ አሳልፋለሁ፤ አቧራ ነው፣ ፎቶግራፍም አያምርም። አባባ ቀጥ ብለው ወደዚያው ሄዱ። ሠላሳ ሰባቱም ተከተሏቸው። እኔ ጃንጥላዬን እንደ ቀሰርኩ ብቻዬን ቀረሁ።

በወፍራሞቹ ቋሚዎች መካከል ቀጫጭን እንጨት እንደ ማገር ተጠላልፎ ገብቷል፤ በላዩም ጭድ የተቀላቀለበት ጭቃ ተመርጓል። አባባ ከጭቃው ቆንጥረው በጣታቸው አሹት። «ይኸማ የእኛው ቤት ነው!» አሉ። «ጭዱ የጤፍ አይደለም እንጂ።» እናቶቹ ሁሉ ተጠጉ። ጭቃ በእግራቸው ያቦኩ፣ ቤት የመረጉ እጆች አንድ በአንድ ግድግዳውን ነኩት። ጀርመኖች ፋኽቬርክ የሚሉትን ነገር እኔ በሦስት ቋንቋ ሳስረዳ ኖሬ «ጭቃ ቤት» የሚለው ቃል ከአፌ ወጥቶ አያውቅም። ምናልባት አፍሬ ይሆናል። ዩሮ ከፍለው የመጡ ሰዎችን ጭቃ ቤት ላሳያችሁ ይባላል?

እንግዳ ሰው ግድግዳውን ሲቆነጥር ያየው አናጢ ከመወጣጫው ወረደ። ይቆጣል ብዬ ይቅርታ ልጠይቅ ስዘጋጅ፣ አባባ በአውራ ጣታቸው በአንዱ ቋሚ ላይ የተቆረጡ ትናንሽ ጭረቶችን ዳሰሱና ቀና ብለው አዩት። አናጢው ፈገግ አለ። ከዚያ በኋላ ለአሥር ደቂቃ ያህል ማንም እኔን አልፈለገኝም። ጭረቶቹ የአናጢ ቁጥሮች ናቸው፤ እንጨቱ መጀመሪያ መሬት ላይ ይጋጠማል፣ ይቆጠራል፣ ይፈታል፣ ከዚያ በቦታው ይቆማል። ይህን አባባ አናጢው ሳይነግራቸው አወቁት። እኔ በኋላ ጠይቄ ነው የተረዳሁት።

የጠሩኝ ለአንድ ቃል ትርጉም ነው። «ምስጥ የላቸውም ወይ በለው።» አናጢው «ምስጥ እንኳ የለም፣ ነቀዝ ግን አለ» አለ። አባባ ወደ ግድግዳው ሥር ጎንበስ አሉ። «ተመልከት፤ እንጨቱን መሬት ውስጥ አልቀበሩትም። ድንጋይ ክበው በድንጋዩ ላይ ነው ያሳረፉት። የእኛ ቤት የሚሞተው ከእግሩ ነው።» ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። «የፎቁንም ጠይቀው። ግብር ነው ወይ በለው።»

እያወቅሁ ወደ ጉድጓዱ ገባሁ፤ ተረጎምኩለት። አናጢው ሳቀና «እርሱ አስጎብኚዎች የሚሉት ነው» አለ። አንገቴ ላይ መታወቂያዬ ተንጠልጥሏል። «ምን አለ?» አሉኝ። «ሌላ ምክንያት አለው ይላል» ብዬ ተረጎምኩ። ልጃቸው ጀርመንኛ ትችላለች። ዝም ብላ አየችኝ።

አባባ ከወዳደቀው መሐል አንድ ቀጭን ጣውላ አነሡና ሁለት ወጣቶች በክንዳቸው ላይ እንዲሸከሙት አደረጉ፤ ጫፉ ወደ ውጭ ተርፏል። መካከሉን ሲጫኑት ጎበጠ። ከዚያ የተረፈውን ጫፍ ሲጫኑት መካከሉ ተመልሶ ብድግ አለ። «የላይኛው ፎቅ ግድግዳ ጫፉ ላይ ስለሚቀመጥ የታችኛው ጣሪያ መሐሉ አይጎብጥም። ዝናቡም ከላይኛው ጠርዝ ይንጠባጠባል እንጂ የታችኛውን ጭቃ አያጥበውም። ቦታም ይተርፋል።» አናጢው አማርኛ አይሰማም፤ ጣውላውን እያየ ግን ራሱን ይነቀንቃል።

ይህ ሁሉ ሲሆን መርከባችን ሄደች።

የሚያስቆጨኝ እዚህ ላይ ነው። በዚያች መርከብ የምናየው ካውብ ፊት ለፊት፣ በወንዙ መካከል በዓለት ላይ የቆመውን ፋልትስግራፈንሽታይን ነበር። ይህ ግንብ በ1327 አካባቢ ንጉሥ ሉድቪግ ባቫሪያዊው ያሠራው የእውነት የቀረጥ ኬላ ነው። ከሚያልፈው ጀልባ ሁሉ እስከ 1867 ድረስ ቀረጥ ሲሰበሰብ ኖሯል። የሐሰቱን ግብር ስንከራከር የእውነተኛው አመለጠን። በአውቶቡስ መስኮት በስተቀኝ ለግማሽ ደቂቃ ያህል አሳየኋቸው። ግማሾቹ ተኝተዋል፤ የቀሩት ደግሞ ስለ ምርጊት ያወራሉ።

ማታ ስንለያይ አባባ እጄን በሁለት እጃቸው ይዘው መረቁኝ። «አንደበትህ ግን መልካም ነው፣ ልጄ» አሉ። «ግን» የምትለዋን ቃል እስከ ዛሬ አልፈታኋትም።

ለባልደረባዬ ነገርኩት። «ሰው የሚመጣው ሊዝናና ነው» ብሎ ወደ ኮምፒውተሩ ዞረ። መርከብ ስላመለጠን ደግሞ ማብራሪያ በጽሑፍ እንዳቀርብ ጠየቀኝ። በማብራሪያው ላይ «ያልታሰበ የግንባታ ጥያቄ» ብዬ ጻፍኩ።

በሳምንቱ ሌላ ቡድን ይዤ ሄድኩና እውነቱን ልናገር ቆረጥኩ። ቀጭን ጣውላ እንኳ በቦርሳዬ ይዣለሁ። ስለ ወራጁ ጫፍ፣ ስለ ዝናቡ፣ ስለ መሐሉ መጉበጥ አስረዳሁ። አንዱ ስልኩን አወጣ፣ ሌላዋ አዛጋች። ከኋላ የቆሙ ሽማግሌ «ለግብር ነው ሲባል ሰምቼ ነበር» አሉ። ሁሉም ቀና አለ። እኔም «ይባላል፤ እንዲህም ይባላል» ብዬ ጀመርኩና እስከ መጨረሻው ድረስ ተናገርኩት። ተሳቀ። ስለ ቀራጩ አንገት የተጠየቀችውንም ጥያቄ ራሴ አከልኩባት፤ እርሷ ደግሞ ከሁሉም በላይ አሳቀች።

ቤቱ በመስከረም ተለስኖ አለቀ። ነጭ ሆኗል፤ ጭቃው ከእንግዲህ አይታይም። አናጢው ግን አሁንም በመንደሩ አለ፤ ቡድን አስከትዬ ሳልፍ ሲያየኝ ከመወጣጫው ላይ ሆኖ «ዛሬስ ግብሩ ስንት ገባ?» ይለኛል። ጀርመንኛ የሚያውቅ እንግዳ ሲኖረኝ በሌላኛው መንገድ ነው የማልፈው።