ደሙ ከመምጣቱ በፊት ያለችው ዓመት

ግንቦት 20 የዓለም የወር አበባ ንጽህና ቀን ነው። እ.ኤ.አ. ከ2014 ጀምሮ ሜይ 28 ላይ ይውላል። 28ኛው ቀን የተመረጠው ዑደቱ በአማካይ 28 ቀን ስለሚፈጅ፣ አምስተኛው ወር ደግሞ ደሙ አምስት ቀን ያህል ስለሚቆይ ነው። ወደ እኛ አቆጣጠር ሲዞር ዘጠነኛው ወር ላይ ያርፍና የቁጥሩ ትርጉም ይጠፋል። ለብዙ ዓመታትም ትምህርት ቤት በሚዘጋበት በዓል ላይ ሲወድቅ ኖሯል። ይሁን፤ የዚህ ነገር ዋናው ቦታ ቤት ነው፣ ጊዜውም ልጅቷ ደም ከማየቷ በፊት ያለችው ዓመት ናት።

ያቺ ዓመት ምልክት ሳትሰጥ አትመጣም። ጡት ማጎጥጎጥ ከጀመረ በኋላ አብዛኛውን ጊዜ ከሁለት እስከ ሁለት ዓመት ተኩል ባለው ጊዜ የመጀመሪያው የወር አበባ ይመጣል። ከዚህ የቀረበው ምልክት ፓንት ላይ የሚታየው ነው። ደሙ ሊመጣ ከስድስት ወር እስከ አንድ ዓመት ሲቀረው፣ ነጣ ያለ ወይም እንደ እንቁላል ውሃ የጠራ ፈሳሽ መታየት ይጀምራል። የቤቱን ልብስ የሚያጥብ ሰው ይህን ብዙ ጊዜ ከልጅቷ ቀድሞ ያየዋል። መጥፎ ሽታ ከሌለውና ካላሳከካት ጤነኛ ፈሳሽ ነው፤ «ምነው ንጽህናሽን አትጠብቂም?» ብሎ መቆጣት ትልቅ ስህተት ነው። ወሬው መጀመር ያለበት በዚያው ሳምንት ነው። ዕድሜው ከ10 እስከ 15 ይለያያል፣ ብዙዎቹ 12 እና 13 ላይ ያያሉ፤ ስለዚህ አራተኛ ክፍል ላለች ልጅ መንገር አይፈጥንም።

ምን ይነገራታል? በብዙ ቤት ልጅቷ የምትሰማው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «ከእንግዲህ ወንድ ቢነካሽ ታረግዣለሽ።» ይህ አነጋገር ስንት ልጅ እንዳስጨነቀ ሳስብ ያመኛል። የ11 ዓመት ልጅ «መንካት» የሚለውን እንደ ቃሉ ነው የምትረዳው። ከወንድ ጋር አንድ ዴስክ ላይ መቀመጥ ያስፈራታል፤ የአጎቷን ልጅ ሰላም ብላ ሌሊቱን ስትጨነቅ ታድራለች። ወይም ነገሩን ገልብጣ ታስበዋለች፦ ደሙ የመጣው ወንድ ስለነካት ይመስላታል፣ እናቷም እንዲያ እንዳትጠረጥራት ትደብቃለች። ደም ማየት ለባል መድረስ ተደርጎ በሚቆጠርበት አካባቢ ደግሞ የምትደብቅበት ምክንያት እጥፍ ይሆናል። በሕግ የጋብቻ ዕድሜ 18 ነው፤ ደሙ ያንን አይቀይረውም።

እርግዝና እንዴት እንደሚመጣ ማወቋ የግድ ነው። እንዲያውም እንቁላል ከመጀመሪያው ደም በፊትም ሊለቀቅ ስለሚችል፣ ደሙ እስኪመጣ የሚቆይ ወሬ አይደለም። ግን ራሱን ችሎ፣ በሌላ ቀን፣ በትክክለኛ ቃሉ ይነገራት። የወር አበባው ሲነገር ይህ ይበቃል፦ «ማህፀንሽ በየወሩ ከውስጥ ሽፋን ይሠራል፤ ፅንስ ከሌለ ሽፋኑ ከደም ጋር ይወርዳል። ቁስል አይደለም፣ በሽታም አይደለም፣ አንቺ ያደረግሽው ነገር የለም።» የመጀመሪያው ደም ቀይ ላይሆን እንደሚችልም ይጨመርላት። ቀስ ብሎ ስለሚወርድ ጠቁሮ እንደ ቸኮላት ቡናማ ሆኖ ይወጣል፤ ብዙ ልጆች ሰገራ ያመለጣቸው ይመስላቸውና በሃፍረት ፓንታቸውን ይጥላሉ።

የመጠኑን ፍርሃት ግን በወሬ ማጥፋት አይቻልም፤ በዓይኗ ትየው። ቀይ ሥር የተቀቀለበትን ውሃ አስቀርቶ በቡና ስኒ ግማሽ ያህል መቅዳት ነው፤ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ተኩል፣ ከ30 እስከ 40 ሚሊ ሊትር ገደማ። በአንድ የወር አበባ በአማካይ ከሰውነቷ የሚወጣው ደም ይህ ነው፤ ያውም በቀናት ተከፋፍሎ። ከሽፋኑና ከሌላው ፈሳሽ ጋር ሲደመር በዛ ብሎ ይታያል እንጂ ደሟ አያልቅም። ከዚያ አንድ ሞዴስ ጠረጴዛ ላይ ዘርግታ፣ ራሷ በማንኪያ መሃሉ ላይ ጠብ ጠብ ታድርግበት። ትንሽ ቆይታ በነጭ ሶፍት ስትጫነው ሶፍቱ እምብዛም አይቀላም። አሁን የቀረውን ባንዴ አንድ ጥግ ላይ ታፍስሰው፤ ወደ ጠርዙ ሲሮጥ ታየዋለች። ሞዴሱ ገና ሳይሞላ ልብስ የሚነካው ለምን እንደሆነ በዚህ ይገባታል፦ የተለጠፈበት ቦታ ስቶ ደሙ ጠርዙ ላይ ሲያርፍ ነው።

አለጣጠፉንም በደህና ቀን ትለማመደው። እጇን ትታጠባለች፣ ፓንቷን ጉልበቷ ድረስ ታወርዳለች፣ የጀርባውን ወረቀት ልጣ ማጣበቂያውን ፓንቱ ላይ ታደርጋለች። ያልታየች ልጅ ማጣበቂያውን ወደ ሰውነቷ አዙራ ትለጥፈዋለች፤ ሲነሳ ፀጉርና ቆዳ ይዞ ስለሚመጣ ሁለተኛ ሞዴስ ማየት ትጠላለች። ክንፍ ካለው የክንፉም ወረቀት ተነስቶ ከፓንቱ ስር ይታጠፋል። ቀን መሃል ላይ፣ ሌሊት ወደ ኋላ ሳብ ይደረጋል፤ ተኝታ ስለሆነ ደሙ ወደ ኋላ ነው የሚሄደው። ፓንቱ ልኳ ካልሆነና ከላላ ምንም ዓይነት ሞዴስ አይይዝም። ለዚህም ነው ሞዴስ ብቻ መስጠት ግማሽ እርዳታ የሚሆነው፤ ሁለት ሦስት የጥጥ ፓንት አብሮ መኖር አለበት። ባይሞላም በየአራት እስከ ስድስት ሰዓቱ ይቀየራል። ያገለገለው ተጠቅልሎ በፌስታል ቆሻሻ ውስጥ ይጣል። በውሃ የሚሠራ ሽንት ቤት ውስጥ ከተጣለ ቱቦውን ይደፍናል፤ ጉድጓድም ቢሆን ቶሎ ይሞላል፣ ሊመጠጥ ሲባልም ያስቸግራል።

የሚታጠብ ሞዴስ ለብዙ ቤት የሚያዛልቀው ነው። መቀሌ ላይ ማርያም ሳባ የተባለውን ፋብሪካ ያቋቋመችው ፍሬወይኒ መብራህቱ፣ እ.ኤ.አ. በ2019 በሲኤንኤን የዓመቱ ጀግና ተብላ የተመረጠችው፣ በዚሁ ሥራ ነው። በደንብ ከተያዘ እስከ ሁለት ዓመት ያገለግላል። ቤት ውስጥ ከተሠራም ንጹህ የጥጥ ጨርቅ ወይም ፍላኔል ይበቃል፤ 25 ሳንቲ ሜትር ርዝመት፣ 8 ያህል ስፋት፣ ከአራት እስከ ስድስት ድርብ። አዲስ ጨርቅ ከሆነ ከመቆረጡ በፊት ይታጠብ፣ ሲታጠብ ይሰበሰባልና። ፖሊስተር አይሆንም፤ ደሙን አይጠጣም፣ ቆዳም ያጋግላል።

የሚበላሸው አጠባው ላይ ነው። መጀመሪያ ቀዝቃዛ ውሃ፤ በሙቅ ውሃ ከተጀመረ ደሙ እንደ እንቁላል ይረጋና ክሩ ውስጥ ይቀራል። ውሃው እስኪጠራ በሳሙና ይታሻል። በረኪና ጨርቁን ይበላዋል፣ በደንብ ካልለቀቀም ቆዳ ያቃጥላል፤ የልብስ ማለስለሻ ደግሞ ክሩን ይሸፍነውና መምጠጥ ያቆማል። ከዚያ በኋላ ያለውን ነገር ደጋግሜ ብናገረው አይሰለቸኝም፦ ፍራሽ ስር አይደረቅም። ልጆች ወንድም እንዳያይ፣ ጎረቤት እንዳያይ ብለው ፍራሽ ስር ወይም ቁም ሣጥን ውስጥ ያሰጡታል፤ እርጥብ ሆኖ ሻጋታ ያወጣል፣ በሚቀጥለው ወር እሱኑ ስታደርገው ያሳክካታል። ፀሐይ ላይ ይውላል። ካፈረች ስስ ነጠላ ከላይ ጣል ይደረግበት። በክረምት ፀሐይ ሲጠፋ ፍጹም እስኪደርቅ በካውያ መተኮስ ይቻላል። እናት የራሷን ገመድ ላይ ካሰጣች ግን ልጅቷም ታሰጣለች።

ቀን መቁጠር ላይ ስሙ ራሱ ያሳስታል። «የወር» ስለሚባል ልጆች በየወሩ በዚያው ቀን ይጠብቁታል፣ የእኛ ወር ግን 30 ቀን ነው። ዑደቷ ልክ 28 ቀን የሆነች ልጅ መስከረም 5 ካየች፣ ጥቅምት 3፣ ከዚያ ኅዳር 1፣ ከዚያ ኅዳር 29 ታያለች። በአንድ ኅዳር ሁለት ጊዜ! ይህን ያልተነገራት ልጅ የታመመች ይመስላታል። የሚቆጠረው ደሙ ከጀመረበት ቀን ቀጥሎ እስከሚጀምርበት ቀን ነው። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት እንቁላል በየጊዜው ስለማይለቀቅ ከ21 እስከ 45 ቀን መለያየቱ የተለመደ ነው፤ አንድ ወር መዝለሉ ብቻውን ልጅን ለመጠርጠር ምክንያት አይሆንም። የግድግዳ ካላንደር ላይ በእርሳስ ትንሽ ነጥብ ማድረግ ይበቃታል።

ቁርጠትም በዚሁ ምክንያት መጀመሪያ ላይ ብዙ ጊዜ የለም፤ እንቁላል መለቀቅ ሲለምድ፣ ከወራት ወይም ከዓመት በኋላ ይመጣል። ሙቅ ውሃ በፕላስቲክ ሞልቶ በጨርቅ ጠቅልሎ ከእምብርት በታች መያዝ ይረዳል። መድኃኒት ካስፈለገ ከ12 ዓመት በላይ ላለች ልጅ አይቡፕሮፌን ከ200 እስከ 400 ሚሊ ግራም፣ ምግብ በልታ፣ ሕመሙ ሲጀምር፣ በስድስት ወይም በስምንት ሰዓት ልዩነት፤ ጨጓራ፣ አስም ወይም የኩላሊት ችግር ካለባት ባለሙያ ሳይጠየቅ አይሰጥም። አስፕሪን ለልጅ አይሰጥም፣ ደሙንም ያበዛል። በጾም ወቅት ምስርና ጎመን በሎሚ ይኑራት፤ ሻይና ቡና ከምግብ ጋር የብረት ማዕድኑን ስለሚያግዱ ይቆዩ።

ሐኪም የሚያስፈልገው መቼ እንደሆነ ቁርጥ ያለ ነው፦ በየአንድ ወይም በየሁለት ሰዓቱ ሞዴስ በተከታታይ የሚሞላ ከሆነ፣ ከሰባት ቀን ካለፈ፣ ሦስት ወር ከጠፋ፣ ከትምህርት የሚያስቀር ሕመም ካለ፣ ጡት ከ8 ዓመት በፊት ካጎጠጎጠ ወይም 13 ሞልቷት ምንም ከሌለ፣ 15 ሞልቷት ደም ካላየች። ከመጀመሪያው ጀምሮ የሚያጥለቀልቅ ደም አንዳንዴ ደም በደንብ ያለመርጋት ችግር ምልክት ነው፤ «እኔም እንዲሁ ነበርኩ» ተብሎ መታለፍ የለበትም።

ሃይማኖቱንም ቀድማ ከቤቷ ትስማ። ኦርቶዶክስ ከሆነች በእነዚያ ቀናት ቤተ መቅደስ እንደማትገባ፣ ሙስሊም ከሆነች ሶላትና ጾም እንደማይኖርባት፣ ጾሙን በኋላ እንደምትከፍል። በሰው ፊት ተከልክላ ስትመለስ ከተረዳችው «ቆሻሻ ነኝ» የሚል ስሜት ይዛ ትቀራለች።

አባት ብቻውን የሚያሳድጋት ልጅ አለች፤ እሱም ይችላል። አክስቷን ወይም የሚያምናትን ጎረቤት ይጥራ፣ ከዚያ በፊት ግን አንድ ነገር ራሱ ያድርግ። አንድ እሽግ ሞዴስ ገዝቶ፣ በጥቁር ፌስታል ሳይደብቅ፣ ልጅቷ ሳትጠይቅ የምትደርስበት መደርደሪያ ላይ ያስቀምጥ። በደብተር ቦርሳዋ ውስጥ ሁለት ሞዴስ፣ አንድ ፓንት፣ ሶፍትና ፌስታል በትንሽ ከረጢት ይግባላት። እሽጉ ሲጋመስ፣ ምንም ሳይባል፣ ሌላ ይተካ።