ጥሪው የበዛው ሰሚው ደክሞ ነው

ዴክሳሜታሶን የሚባል መድኃኒት መውሰድ ከጀመርኩ ዓመት ሊሞላኝ ነው። ከዚያ በፊት የነበረውን ድካም ለማስረዳት እስከ ዛሬ ቃል ያጥረኛል። ተኝቼም የምነሳው ደክሞኝ ነበር። የደም ግፊቴ በእኔ ዕድሜ የሚጠበቅ አልነበረም። ፖታሲየሜ ይወርዳል። አገጬ ላይ ጸጉር ይበቅላል። የወር አበባዬ ደስ ሲለው ይመጣል፣ ሲያሻው ይቀራል። «ጭንቀት ነው፣ እረፍት አድርጊ» ተባልኩ። ስንቴ!

በኋላ የ24 ሰዓት ሽንቴ ሲመረመር ኮርቲሶሌ፣ የጭንቀት ሆርሞን የሚሉት፣ በጣም ከፍ ብሎ ተገኘ። ኩሺንግ፣ ማለትም ኮርቲሶል በዝቶ ሰውነትን የሚጎዳበት በሽታ፣ ተጠረጠረ፤ የቀዶ ሕክምና ወሬም ተነሳ። ግን ፊቴ አላበጠም፣ ሆዴ ላይም ሐምራዊ ሸንተረር የለም። ኮርቲሶሌ እንደማንም ጤነኛ ሰው ጠዋት ይወጣል፣ ማታ ይወርዳል። ኩሺንግ ቢሆን ይህ ልዩነት ይጠፋ ነበር። ይህን ያስተዋለችው አንዲት ሐኪም ናት። ዛሬም አመሰግናታለሁ።

ለካ ኮርቲሶል ደም ውስጥ ስለሞላ ብቻ አይሠራም። ሴል ውስጥ የሚቀበለው ፕሮቲን ያስፈልገዋል። የዚያ ፕሮቲን ጂን 5ኛው ክሮሞሶም ላይ ነው፤ የእኔ ጂን ላይ ለውጥ አለ፤ ተቀባዩ ደካማ ነው። በሽታው ግሉኮኮርቲኮይድ ሬዚስታንስ ይባላል፤ ሰውነት ኮርቲሶልን በደንብ አይሰማም ማለት ነው። ስለዚህ አንጎሌ ኮርቲሶል ያነሰ ይመስለዋል። አንጎሌ ሥር ያለችው ፒቱታሪ ዕጢዬ አድሬናሎቼን፣ ኩላሊቶቼ ላይ ያሉትን ኮርቲሶል አምራች ዕጢዎች፣ «ጨምሩ፣ ጨምሩ» እያለች ትወተውታለች። እነሱም ይታዘዛሉ። ግን ኮርቲሶልን ብቻ አይደለም የሚጨምሩት፤ ጨው የሚያስቀሩ ሆርሞኖችንና የወንድ ሆርሞኖችንም ነው። እነዚህን ደግሞ ሰውነቴ በደንብ ይሰማል። ግፊቱም የአገጬ ጸጉርም የመጣው ከዚያ ነው። ዴክሳሜታሶን እንደ ኮርቲሶል የሚሠራ፣ ግን ከእሱ የበረታ ነው፤ ደካማውን ተቀባይ ቀስቅሶ ፒቱታሪን ዝም ያሰኛል፤ ጨውም አያስቀርም። መጠኑ ከበዛ ግን የሸሸነውን ኩሺንግ ያመጣል፤ ስለዚህ ክትትሉ አይቋረጥም።

በሽታው መጀመሪያ የተጻፈው በ1976 እ.ኤ.አ. ነው፤ በአንድ የኔዘርላንድ ቤተሰብ፣ በአባትና በልጅ ላይ። አንዳንድ የደቡብ አሜሪካ ጦጣዎች ደግሞ በተፈጥሯቸው እንዲህ ናቸው፤ ኮርቲሶላቸው ሰማይ ነክቶ በጤና ይኖራሉ። ይህን ሳነብ ለምን እንደሆነ እንጃ፣ አለቀስኩ።

«በአባትና በልጅ» የሚለው ግን ከአእምሮዬ አልወጣም። በዘር የሚተላለፍ ነው። ወንድሜ ከልጅነቱ ጀምሮ «ደክሞኛል» ይላል። እኔም ራሴ ሰነፍ እያልኩት ነው ያደግነው። ትናንት ደውዬ ይቅርታ ጠየቅኩት። ነገ ደሙን ለምርመራ ሊሰጥ ነው። አብሬህ ልምጣ ወይ ስለው፣ «ነይ» አለኝ።